ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ስለ ድሮውና ስለ ዘመኑ ሞኒተር

ሞኒተር ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው የቁጥር ጋጋታ ነው። 1 ሚሊሰከንድ፣ 165 ሄርዝ፣ 400 ኒት፣ 4ኬ፣ ኤችዲአር፣ አይፒኤስ፣ ኦሌድ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዕቃው ጥሩ ነው ይባልና ይገዛል። ቤት ተወስዶ ማታ ፊልም ሲከፈትበት ግን ጥቁሩ አመድማ ሆኖ ይመጣል። ወይ ኳሱ ሲሮጥ ይደበዝዛል። ወይ ደግሞ ጽሑፉ ዓይን ያደክማል።

ለእኔ ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። ይሄ ስክሪን ብርሃኑን ከየት ነው የሚያመጣው? መልሱ ከታወቀ አብዛኛው ነገር በራሱ ይፈታል።

በኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ያለፉት ሞኒተሮች ለዚህ ጥያቄ በዋናነት ሦስት መልስ ሰጥተዋል። የመጀመሪያው መስታወቱን ከውስጥ በኤሌክትሮን እየመታ ያበራዋል። ሁለተኛው ከኋላ መብራት አብርቶ ከፊት ይከልለዋል። ሦስተኛው እያንዳንዷን ነጥብ ለብቻዋ ያበራል። ከድሮ ወደ ዘመናዊ የተመጣበት መንገድም ይሄው ነው። ግን አንዱ የሌላውን ችግር ፈታ ማለት የራሱን ይዞ አልመጣም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ምርጫው እስከ ዛሬ የሚያከራክረው።

ያ ወፍራሙ

ከኋላው ተቆልሎ ግማሽ ጠረጴዛ የሚወስደው የድሮ ሞኒተር ሲአርቲ ይባላል። መሠረቱን የጣለው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ነው፣ በ1897 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ውስጡ አየር የወጣለት ትልቅ የመስታወት ቱቦ ነው። ከጀርባው ጫፍ ላይ ኤሌክትሮን የሚተፋ መሣሪያ አለ። የፊተኛው መስታወት ደግሞ በውስጥ በኩል ፎስፈር የሚባል ነገር ተቀብቷል። ኤሌክትሮን ሲያርፍበት ፎስፈሩ ይበራል። በቱቦው አንገት ላይ የተጠመጠሙት የመዳብ ሽቦዎች እንደ ማግኔት ሆነው ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነዱታል። ሙሉ ስክሪኑ በሰከንድ 60፣ 75 ወይም 85 ጊዜ እንደገና ይሳላል። ሪፍሬሽ ሬት የሚባለው ይሄ ነው፤ መለኪያው ሄርዝ።

ልብ የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጨረሩ አልፎ ሲሄድ ነጥቧ ወዲያው ትደበዝዛለች። በርታ የምትቆየው አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ጨለማ ናት። ስክሪኑ በሙሉ የበራ የሚመስለን ዓይናችን ስለሚሞኝ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይወለዳል። አንደኛው መጥፎ ነው፤ በ60 ሄርዝ ብልጭ ድርግም ማለቱ ያስታውቃል፣ ራስም ያሳምማል። በዘመኑ የተጠቀመበት ሰው ወደ 75 ወይም 85 ሲያሳድገው እፎይ ይል ነበር። ሁለተኛው ግን ጥሩ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ምስል ጥርት ብሎ ይታያል። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ዘመናዊዎቹ እስከ ዛሬ የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው።

ሌላም ጥሩ ጎን አለው። ከጎንም ከላይም ቢታይ ቀለሙ አይለወጥም። የተወሰነ የፒክስል (ምስሉ የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ) ቁጥር ስለሌለው 640 በ480ም 1024 በ768ም በእኩል ያስተናግዳል። ጨረሩ ያላረፈበት ቦታ ብርሃን ስለሌለው በጨለማ ክፍል ጥቁሩ ጥቁር ነው። ክፍሉ ብሩህ ከሆነ ግን መስታወቱ ራሱ ግራጫ ይመስላልና ይሄ ጥቅም ይጠፋል።

ጉዳቱን ለመዘርዘር ብዙም ማሰብ አያስፈልግም። ባለ 19 ኢንቹ 20 ኪሎ ያልፋል። ወደ 100 ዋት ይበላል፣ የዘመኑ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ደግሞ በ25 ዋት አካባቢ ይሠራል። ጽሑፉ እንደ ኤልሲዲ (ቀጥሎ እንደምናየው ጠፍጣፋ ስክሪን) ስል አይደለም። ጥግ ጥግ ላይ መስመሩ ይጎብጣል። ባለ 17 ኢንች ተብሎ ይሸጥ የነበረው የሚታየው ክፍል 16 ኢንች ገደማ ነበር፣ ምክንያቱም የሚለካው ቱቦው እንጂ የሚታየው አልነበረም። ጨረር ያሳውራል የሚባለው ወሬ ግን የተጋነነ ነው። ቱቦው ጥቂት ኤክስሬይ ይፈጥራል፣ እሱን ለማስቀረት ነው መስታወቱ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት የተጨመረው። ክብደቱም በከፊል ከዚያ ነው።

ታዲያ ዛሬ ማን ይፈልገዋል? የድሮ ጌም ወዳጆች። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ጌሞች የተሠሩት በዚህ ስክሪን ላይ እንዲታዩ ነው። በመስመሮቹ መሃል ያለው ጥላና የነጥቦቹ መዋሃድ የሥዕሉ አካል ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚተኮስባቸው የድሮ የጌም ሽጉጦች ደግሞ ጨረሩ የሚያልፍበትን ቅጽበት ተከትለው ስለሚሠሩ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ጭራሽ አይሠሩም። ከዚህ ውጪ ለቢሮ ሥራም ለትምህርትም ሲአርቲ ውሰዱ አልልም። የቀሩት ሁሉ ያረጁ ናቸው፣ ፎስፈራቸውም ደክሟል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ክዳኑን ከፍታችሁ አትነካኩ። ውስጡ ወደ 25 ሺህ ቮልት የሚደርስ ኃይል አለ፣ ቱቦው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይዞ ይቆያል።

መብራትና መጋረጃ

በ1888 ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ራይኒትዘር ከካሮት የተገኘ ኮሌስትሮል መሰል ነገር ሲያሞቅ ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። ንጥረ ነገሩ ሁለት የመቅለጫ ሙቀት ያለው መሰለ። በመሃል እንደ ፈሳሽ ይፈሳል፣ ግን እንደ ክሪስታል በሥርዓት የተደረደረ ነው። ፈሳሽ ክሪስታል የሚባለው ይሄ ነው። ኤልሲዲ የሚባለው ሞኒተር ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ፈሳሽ ክሪስታሉ ራሱ አይበራም። ሥራው የብርሃንን አቅጣጫ ማዞር ነው። ከኋላው ሁልጊዜ የሚበራ መብራት አለ፣ ባክላይት ይባላል። ከፊትና ከኋላ ብርሃን አጣሪ ሽፋን ተለጥፏል። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ክሪስታሉ ይዞርና ብርሃኑ ያልፋል ወይም ይታገዳል። በአጭሩ እያንዳንዷ ፒክስል የበራ አምፖል ፊት የተሰቀለች መጋረጃ ናት።

የኤልሲዲ ዋና ችግር ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መጋረጃ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። መብራቱ ከኋላ እየበራ ነውና በስንጥቁ ትንሽ ያፈሳል። ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ግራጫ ይሆናል። ኮንትራስት የሚባለው ቁጥር የሚለካው ይሄንኑ ነው፦ ነጩ ከጥቁሩ ስንት እጥፍ ይበራል? 1000 ለ1 ከሆነ፣ ነጩ 300 ኒት (ኒት የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ሲሆን ጥቁሩ 0.3 ኒት ይሆናል። ቀን ላይ ይሄንን ማንም አያስተውለውም። መብራት አጥፍቶ ፊልም የሚያይ ሰው ግን ያስተውላል፣ በተለይ ከላይና ከታች ጥቁር ጠርዝ ሲኖር። ካርቶኑ ላይ ሚሊዮን ለ1 የሚል ቁጥር ካያችሁ ደግሞ እለፉት። ባክላይቱን ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ ዝቅ በማድረግ የተገኘ የማስታወቂያ ቁጥር ነው፣ በአንድ ምስል ውስጥ የምታገኙት አይደለም።

መጋረጃው ሦስት ዓይነት አሠራር አለው። የሞኒተር ምርጫ ዋናው ክፍልም ይሄ ነው።

ቲኤን አሮጌው ነው። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ በ2000ዎቹ አብዛኛውን ጠረጴዛ የያዘው እሱ ነበር። ግን ከታች ወደ ላይ ሲታይ ቀለሙ ይገለበጣል፣ ነጩ ይጠቁራል። በትልቅ ስክሪን ላይ ቀጥ ብላችሁ ብትቀመጡ እንኳ ላይኛውና ታችኛው ጠርዝ አንድ ዓይነት ቀለም አይሰጡም። ብዙዎቹ ደግሞ እያንዳንዱን ቀለም በ64 ደረጃ ብቻ ነው የሚያሳዩት፣ የቀረውን በፍጥነት እያቀያየሩ ያስመስላሉ። ዛሬ ቲኤን የሚገዛበት ጥሩ ምክንያት አይታየኝም።

አይፒኤስ በ1996 ሂታቺ ይዞት የመጣ ነው፣ የተሠራውም የቲኤንን የማዕዘን ችግር ለመፍታት ነበር። ከየትም ቢታይ ቀለሙ አይናወጥም። ፎቶ የሚያርሙ፣ ዲዛይን የሚሠሩ ሰዎች የመረጡት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋና ውድ ነበር፣ አሁን ሁለቱም ተቃልሏል። ድክመቱ ጥቁሩ ነው። አብዛኛው 1000 ለ1 አካባቢ ነው፣ ጨለማ ውስጥም ጥግ ጥጉ ላይ ነጭ ጭጋግ ይታያል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

ቪኤ መጋረጃውን ከሁሉም አጥብቆ የሚዘጋው ነው። 3000 ለ1 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለፊልም ደስ ይላል። ግን ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ለመዞር ይዘገያል። ጨለማ ትዕይንት ያለው ጌም ላይ ከሚሮጠው ነገር ኋላ ጭስ የመሰለ ጥላ ይጎተታል። ጌም ለማይጫወት ሰው ግን ይሄ ብዙም ችግር አይሆንበትም፤ በግሌ ቪኤ ከሚገባው በላይ የተናቀ ይመስለኛል።

ኤልኢዲ የሚለው ስም

ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ኤልሲዲ የድሮ ነው፣ ኤልኢዲ ደግሞ አዲስ ነው ይባላል። ካርቶኑ ላይ ኤልኢዲ ሞኒተር ተብሎ የተጻፈው ግን ያው ኤልሲዲ ነው። የተለወጠው ከኋላ ያለው መብራት ብቻ ነው። ድሮ ሲሲኤፍኤል የሚባል ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነበር፣ ውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ ያለው። አሁን ትንንሽ ኤልኢዲ አምፖሎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ወጪው ይቀንሳል፣ ስክሪኑ ይሳሳል፣ ሲከፈትም ወዲያው ሙሉ ብርሃኑን ይሰጣል። የፍሎረሰንቱ ሞኒተር እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሲያረጅም ይደክምና ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀላ ያለ ቀለም ያደላል።

ነጩ ኤልኢዲ የተገኘው ሰማያዊው ኤልኢዲ ከተገኘ በኋላ ነው። ሰማያዊውን በቢጫ ፎስፈር ሸፍነው ነጭ ያደርጉታል። ለሰማያዊው ኤልኢዲ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

እንግዲህ ጥሩ አይፒኤስ ፓኔል (መጋረጃው ያለበት የስክሪኑ ክፍል) ያለው የድሮ ባለ ፍሎረሰንት ሞኒተር ከአዲስ ርካሽ ባለ ኤልኢዲ ቲኤን የተሻለ ምስል ሊሰጥ ይችላል። መብራቱ ካልደከመ። ስለዚህ ኤልኢዲ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። ፓኔሉ ምንድነው በሉ።

የሚሮጥ ነገር ለምን ይደበዝዛል?

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ብዙ ሰው ድብዝዙ የሚመጣው ፒክስሉ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው ብሎ ያስባል። በከፊል እውነት ነው። ግን ፒክስሉ በቅጽበት ቢለወጥ እንኳ ድብዝዙ አይጠፋም።

ኤልሲዲ ላይ አንድ ምስል አንዴ ከወጣ ቀጣዩ እስኪመጣ ድረስ በርቶ ባለበት ይቆማል። በ60 ሄርዝ ይሄ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ዓይናችን ግን አይቆምም። የሚሮጥ ነገር ሲከተል ሳያቋርጥ ይንሸራተታል። ምስሉ ቆሞ ዓይን ሲሄድ ምስሉ ዓይናችን ውስጥ ይሳባል። ድብዝዙ የሚፈጠረው ስክሪኑ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። ፎቶ ብታነሱት ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል።

በቁጥር እንየው። አንድ ነገር በሰከንድ 960 ፒክስል እየሄደ ነው እንበል። በ60 ሄርዝ 16 ፒክስል ያህል ይደበዝዛል። በ120 ሄርዝ ወደ 8 ይወርዳል። በ240 ወደ 4። ነጥቧን ለአንድ ሚሊሰከንድ ብቻ የሚያበራው ሲአርቲ ላይ ደግሞ 1 ፒክስል ገደማ ነው። ያ ሁሉ የሚሊሰከንድ ሩጫ የተጀመረው ድሮ በነፃ የነበረንን ነገር ለማስመለስ ነው ማለት ይቻላል።

ከ60 ወደ 120 ሄርዝ መሄድ ማንም የሚያየው ለውጥ ነው፣ ማውስ ሲንቀሳቀስና ገጽ ሲንሸራተት ሳይቀር። ከ120 ወደ 240 ልዩነቱ ይጠባል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ለፈጣን የተኩስ ጌም ካልሆነ በጣም አያስኬድም።

ፒክስሉ ለመለወጥ የሚፈጅበት ጊዜ ተብሎ የሚጻፈውን 1 ሚሊሰከንድ የሚለውን ቁጥር ደግሞ በጥርጣሬ እዩት። አንዳንዱ የሚለካው ፒክስሉን ከልክ በላይ በመግፋት ነው። እንዲያ ሲገፋ ከመጠኑ አልፎ ይመለስና ከሚሮጠው ነገር ኋላ ነጣ ያለ ጥላ ይፈጥራል። ሌላው ደግሞ ባክላይቱን በየምስሉ መሃል አጥፍቶ በማብራት የተገኘ ቁጥር ነው። ይሄኛው በእርግጥ ድብዝዙን ይቀንሳል። ግን ብርሃኑም ይቀንሳል፣ የድሮው ብልጭ ድርግምም ይመለሳል። ዞሮ ዞሮ ሲአርቲን መቅዳት ነው።

ነጥቧ ራሷ ስትበራ

በ1987 ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ተመራማሪዎች ጥሩ ብርሃን የሚሰጥ ኦርጋኒክ ኤልኢዲ መሥራታቸውን አሳወቁ። ኦሌድ የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ከኋላ መብራት የለም፣ መጋረጃም የለም። እያንዳንዷ ፒክስል ለብቻዋ ትበራለች፣ ለብቻዋ ትጠፋለች። ስትጠፋ በቃ ጠፋች። ጥቁሩ ጥቁር ነው። ፍጥነቱም ከየትኛውም ኤልሲዲ የሚወዳደር አይደለም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን አይገዛውም? ዋጋው አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን የሚያበራው ነገር ራሱ ማለቁ ነው። ኦርጋኒኩ ንጥረ ነገር በበራ ቁጥር ይደክማል፣ በተለይ ሰማያዊው። ፊልም ላይ ምስሉ ስለሚቀያየር ድካሙ ይከፋፈላል። ኮምፒውተር ላይ ግን ታች ያለው የፕሮግራሞች ረድፍ፣ የሠንጠረዡ መስመር፣ የብራውዘሩ አናት ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ናቸው። እዚያ ያሉት ፒክስሎች ከጎረቤታቸው ቀድመው ይደክሙና ምልክቱ እስከ ወዲያኛው ታትሞ ይቀራል። ሲአርቲም ይሄ ችግር ነበረበት፣ ስክሪን ሴቨር የተፈጠረው ለዚህ ነበር። አምራቾች ምስሉን በጥቂቱ ማንቀሳቀስን የመሰሉ መከላከያዎች ጨምረዋል። ይረዳል፣ ግን ችግሩን አያጠፋውም። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ለሚውል ሰው ኦሌድ አልመክርም።

ሌላም አለ። በብዙ የኦሌድ ሞኒተሮች ላይ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ነጥቦች አቀማመጥ ከተለመደው ይለያል። ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያሳምረው የተለመደውን አቀማመጥ አስቦ ስለሆነ የፊደሉ ጠርዝ ላይ ቀጭን ቀለም ይታያል። ፒክስሉ በጣም የተጠጋጋ ከሆነ ብዙም አይረብሽም። ሙሉ ነጭ ገጽ ሲከፈት ደግሞ ኃይልና ሙቀት ለመቆጠብ ብርሃኑን ዝቅ ያደርጋል። ብሩህ ክፍል ውስጥ ይሄ ያስታውቃል።

በመሃል ሚኒ ኤልኢዲ የሚባል አለ። ይሄም ኤልሲዲ ነው። ግን ባክላይቱ በብዙ ዞን ተከፋፍሎ ምስሉ ጨለማ የሆነበት ቦታ ላይ ለብቻው ይደበዝዛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሒሳቡ ግን ይህን ይመስላል፦ ባለ 4ኬ ስክሪን ወደ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል አለው። 1,152 ዞን ካለው አንዱ ዞን 7,200 ፒክስል ያህል ይሸፍናል ማለት ነው። ጥቁር ሰማይ ላይ አንድ ኮከብ ሲኖር ዞኑ በሙሉ መብራት አለበት፣ ስለዚህ ኮከቡ ዙሪያ ጭጋግ ይመጣል። ቢሆንም ለጠራራ ብሩህ ክፍልና ለኤችዲአር (በብሩህና በጨለማ መሃል ሰፊ ልዩነት ላለው ምስል) ከኦሌድ የሚመረጥበት ጊዜ አለ፣ ታትሞ መቅረትም አያሰጋውም።

ኤችዲአርን ካነሳን፣ ኤችዲአር 400 የሚለውን ምልክት አይታችሁ አትጓጉ። ቬሳ የተባለው ድርጅት ያወጣው ዝቅተኛው ደረጃ ነው፣ ባክላይቱ በዞን እንዲከፈልም አያስገድድም። አንድ ወጥ ባክላይት ያለው ሞኒተር ኤችዲአር ሲበራበት ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ምስሉን ማገርጣት ነው።

የፒክስሎቹ ጥግግት

ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው ከፓኔል ዓይነት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል አለ? ባለ 24 ኢንች ስክሪን 1920 በ1080 ሲሆን 92 ነው። ያው ሪዞሉሽን 27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 82 ይወርዳል፣ ፊደሉም ይሻክራል። 27 ኢንች በ2560 በ1440 ከሆነ 109 ይሆናል። በ4ኬ 163።

አሁን የሚገርመውን ልጨምር። ባለ 19 ኢንቹ፣ ካሬ ሊመስል የሚቃረበው የድሮ ኤልሲዲ፣ 1280 በ1024 የሆነው፣ 86 ነው። ከአዲሱ ባለ 27 ኢንች 1080 ይበልጣል። ቁመቱም ወደ 30 ሴንቲሜትር ነው፣ ከዛሬው ባለ 24 ኢንች ሰፊ ስክሪን እኩል። ኢንች የሚለካው በሰያፍ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ደህና የሚሠራ ባለ 19 ኢንች ካላችሁ አትጣሉት። ከአዲሱ ጎን ቆሞ ኢሜይልና ቻት ለማሳየት ከበቂ በላይ ነው። ኤልሲዲ ፒክስሉ የተቆጠረ ስለሆነ ግን ሁልጊዜ በራሱ ሪዞሉሽን ክፈቱት። በሌላ ከከፈታችሁት ፊደሉ ይደበዝዛል።

የድሮ ሞኒተር ስታስቡ ሶኬቱንም እዩ። ቪጂኤ በ1987 የወጣ አናሎግ መስመር ነው። ብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች የላቸውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ለመሄድ ተራ ኬብል አይበቃም፣ ምልክቱን የሚቀይር መሣሪያ ያለው አስማሚ ያስፈልጋል። ዲቪአይ ግን ዲጂታል ስለሆነ በተራ ኬብል ከኤችዲኤምአይ ጋር ይገጥማል። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ ባለ 4ኬ ሞኒተር ገዝታችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ በ4ኬ ከ30 ሄርዝ አያልፍም። ማውሱ እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ ሞኒተሩ ተበላሸ ትላላችሁ።

ያገለገለ ሞኒተር ስታዩ

ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ አቆዩት። ሲሞቅ የሚታይ ችግር አለ። ሙሉ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ሥዕል በየተራ ክፈቱበት፣ የሞተ ፒክስል ካለ ይታያል። ነጩ ላይ ጥግና መሃሉን አወዳድሩ። ለመክፈት ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር የሚፈልግ ወይም የሚያፏጭ ከሆነ የኃይል ክፍሉ እየደከመ ነው። የ2000ዎቹ መጀመሪያ ዕቃዎች ላይ ካፓሲተር ማበጥ የታወቀ በሽታ ነበር። ኦሌድ ከሆነ ግራጫ ሥዕል ክፈቱና የታተመ ጥላ ፈልጉ።

ለዓይን ደግሞ ቀላል ሙከራ አለ። አንዳንድ ሞኒተር ብርሃኑን ዝቅ የሚያደርገው መብራቱን በጣም በፍጥነት እያጠፋና እያበራ ነው። አንዳንዱ ሰው በዚህ ራሱን ያመዋል፣ ሌላው ምንም አይሰማውም። ብርሃኑን ዝቅ አድርጋችሁ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ከፊቱ እርሳስ ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ በፍጥነት አወዛውዙ። እርሳሱ አንድ ወጥ ደብዛዛ ጥላ ከሆነ መብራቱ አይቆራረጥም። ተነጣጥለው የተደረደሩ ብዙ እርሳሶች ከታዩ ይቆራረጣል። ሲሲኤፍኤልም ኤልኢዲም ላይ ሊኖር የሚችል ነገር ስለሆነ አዲስ ዕቃም ቢሆን ሞክሩት።

እና የትኛውን?

ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ፣ ኮድ ወይም ሠንጠረዥ ላይ የምትውሉ ከሆነ ባለ 27 ኢንች አይፒኤስ፣ በ1440 ወይም በ4ኬ። ከፍና ዝቅ የሚል እግር ያለው ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ብዙ ሰው ለሄርዝ ከፍሎ አንገቱን የሚረሳው ነገር አይገባኝም። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ፊልም የምታዩ ከሆነ አቅም ከፈቀደ ኦሌድ፣ ካልሆነ ቪኤ። ለፈጣን ጌም ኦሌድ ወይም 144 ሄርዝና ከዚያ በላይ የሆነ ፈጣን አይፒኤስ። ለድሮ ጌም ብቻ ሲአርቲ። ሁሉንም በአንድ የምትፈልጉ ከሆነ፣ አብዛኛውን ሰዓታችሁን ለምን እንደምታውሉት ቁጠሩና ለእሱ ግዙ፤ በሳምንት አንዴ ለሚታይ ፊልም ብላችሁ ጽሑፉን አትሠዉ።

ያለው ሞኒተር ጥሩ አይፒኤስ ከሆነ፣ ብርሃኑ ካልደከመና ፊደሉ ካልሻከረ፣ አዲስ ወጣ ተብሎ ብቻ መቀየሩ ትርፍ የለውም። ቲኤን ከሆነ ግን ቀይሩት። ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚታያችሁ።

ገዝታችሁ ከሰካችሁ በኋላ ሁለት ነገር እዩ። ኮምፒውተሩ አዲሱን ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር በ60 ሊከፍተው ይችላል፣ ስለዚህ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከፍ አድርጉት። ብርሃኑም ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ለሱቅ መብራት ተብሎ ከልክ በላይ ከፍ ተደርጎ ነው። ነጭ ወረቀት ስክሪኑ ጎን ያዙና የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ቀንሱት።